ዘሩ ሞቷል ወይስ ተኝቷል? የሀረግ አበባ ዘር ጅማ ላይ ሲያስቸግር

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ውጭ አገር ያለው ልጄ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አራት ዓይነት የሀረግ አበባ ዘር ይዞልኝ መጣ። ፓኬቶቹ ላይ ክሊቶሪያ፣ ፓሲፍሎራ፣ ክሌማቲስ እና ዊስቴሪያ ይላል። ከየፓኬቱ ግማሹን ውሃ ውስጥ አሳድሬ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዘራሁ። አፈሩ ከጓሮዬ የወሰድኩት ቀይ አፈር ነው፤ የቡና ገለፈት ቀላቅዬበታለሁ። በፌስታል ሸፍኜ ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ይኸው መስከረም አለቀ። ከአንድ ክሊቶሪያ በቀር የወጣ የለም፤ እሱም በሳምንቱ አንገቱ ቀጥኖ ወደቀ። ዘሩ ሞቶ ነው? ጅማ አይስማማቸውም? ወይስ የኔ እጅ ነው?»

መልስ፦

እጅዎ ምንም አልሆነም። ጅማም አልበደለችዎትም። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ሥራ ልስጥዎ። የሻይ ማንኪያ ይያዙና የዘሩበትን አፈር በቀስታ ይበርብሩ። ያገኙትን ዘር አጥበው ነጭ ሳህን ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ አንድ በአንድ በሁለት ጣት ጫን እያደረጉ ይሞክሩት።

ለስልሶ የሚፈርጥና የሚሸት ካለ፣ እሱ አልቆለታል፤ ይጣል። እንደ ዘሩበት ቀን ጠጠር የሆነና መጠኑ ያልጨመረ ካለ፣ አልሞተም። እንዲያውም ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ ውሃ ወደ ውስጡ አልገባም። አብጦ ግን ጠንከር ብሎ የሚገኝም ይኖራል። እሱ ውሃውን ጠጥቷል፤ የሚጠብቀው ሌላ ነገር አለ።

እንግዲህ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አራቱም ዘሮች ተቆልፈው ነው የመጡልዎት፤ ቁልፋቸው ግን አንድ አይደለም። እርስዎ አራቱንም በውሃ ሊከፍቱ ሞከሩ። ሐምሌ ላይ ጅማ ውስጥ ደግሞ ዘር ውሃ አጥቶ አይቀርም። ያጣው ሌላ ነገር ነው።

ዘር ለምን ራሱን ይቆልፋል? የዱር ተክል ዘሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢበቅል፣ አንድ ድርቅ ወይም አንድ ውርጭ ዘር ማንዘሩን ይጠርገዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ዘር ቀን ይጠብቃል። ጎመን፣ ቲማቲምና ሰላጣ ይህን ጠባይ ትተዋል፤ ምክንያቱም ገበሬ ለብዙ ሺህ ዓመት ቶሎ የበቀለውን እየመረጠ ነው ያራባቸው። የሀረግ አበባዎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ አላለፉም። አበባቸው ስላማረ ብቻ ከዱር ወደ ግቢ ገቡ፤ የዱር ጠባያቸውን ግን አልጣሉም።

ከክሊቶሪያ ልጀምር፤ የሚቀለው እሱ ነው። የአተርና የባቄላ ዘመድ ነው። ሰማያዊ አበባውን በአንዳንድ የእስያ አገሮች ሻይና ሩዝ ያቀልሙበታል። የዚህ ዘር ቁልፍ ቅርፊቱ ላይ ነው። የቅርፊቱ ሴሎች ተጠጋግተውና ተጣብቀው ስለሚቆሙ ውሃ አያሳልፉም። ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ የብዙ ግራር ዓይነት ዘር በሙቅ ውሃ ሳይነከር ቢዘራ ወር ሙሉ አፍጥጠው ነው የሚቀሩት። ጫካ ውስጥ ይህን ቅርፊት የሚያላላው የቀንና የሌሊት ሙቀት መለዋወጥ፣ የእንስሳ ሆድ፣ አንዳንዴም እሳት ነው። ቤት ውስጥ እኛ ነን የምናላላው።

ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አንድ የብርጭቆ ወረቀት ይግዙ፤ በጣም ሻካራውን ሳይሆን መካከለኛውን። ከሌለ ጥፍር መቁረጫም ይሠራል። መነጽርዎን ያድርጉና ዘሩን መስኮት ጋ ሆነው ይዩት። አንዱ ጎኑ ላይ ትንሽ ነጣ ያለች ጠባሳ አለች። የዘሩ እትብት እሷ ናት፤ ከእናቱ ጋር የተያያዘበት። ሥሩ የሚወጣው ከዚያች አካባቢ ስለሆነ እሷን አይንኩ። ተቃራኒውን ጎን ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ወዲህና ወዲያ ያሹት። ጥቁር ቡናማው ቀለም ይለቅና ከሥሩ ክሬም የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ብቅ ይላል። እዚያ ላይ እጅዎን ያንሱ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ብትላጥ በቂ ናት። ከዚያ በላይ ከሄዱ ፍሬውን ይነኩታል፤ የተነካ ፍሬ ደግሞ ለሻጋታ በር ነው።

ማታ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ጠዋት ሲያዩት እጥፍ አክሎ ያገኙታል። ያላበጠ ካለ መፋቁ አልደረሰም ማለት ነው፤ ደግመው ያሹት። ውሃ ውስጥ ማሳደር ዋና ጥቅሙ ይህ ነው፦ የትኛው ዘር እንደተከፈተ ያሳይዎታል። ቅርፊቱ ያልተፋቀን ዘር ሳምንት ቢነክሩት ለውጥ የለውም። የተፋቀውን ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ አያቆዩት። ዘር ይተነፍሳል። ውሃ ጠጥቶ ከነቃ በኋላ አየር ካላገኘ ይታፈንና ይበሰብሳል።

አንድ ሰው «በፈላ ውሃ ንከሪው፣ ይቀላል» ሊልዎት ይችላል። ዘዴው ይሠራል፤ እኔ ግን ዘሩ ጥቂት ሲሆን አልመክርም። አንዱ በደንብ ይከፈታል፣ አንዱ ይቀቀላል። በነገራችን ላይ ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ቢሆንም ለቀጭን ቅርፊት ይበዛበታል። ኪሎ ሙሉ የግራር ዘር ያለው ሰው ቢነክር ይገባኛል። አሥር ፍሬ ክሊቶሪያ ላለው ሰው ብርጭቆ ወረቀት ነው። ትልልቅ ችግኝ ጣቢያዎች ሰልፈሪክ አሲድም ይጠቀማሉ። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የመኪና ባትሪ አሲድ ነው ትዝ የሚለው። አይሞክሩት። ዓይን አይተካም።

የጠዋት አበባ የሚባሉት የአይፖሚያ ዓይነቶችና ማታ ማታ የሚፈካው ነጩ አይፖሚያም ቁልፋቸው እንደ ክሊቶሪያ ነው። ወደፊት ካገኙ በዚሁ መንገድ ይሂዱ። ልዩነቱ፣ እነሱ ሥራቸው ሲነካ አይወዱም። ስለዚህ መጀመሪያውኑ በየብቻ ይዝሯቸው።

አሁን ወደዚያች ወጥታ ወደወደቀችው ክሊቶሪያ ልመለስ። እሷ በራሷ ጊዜ ቅርፊቷ ላልቶ የወጣች ናት። የገደላት አፈርዎ ነው። «አንገቱ ቀጥኖ ወደቀ» ያሉት ነገር የታወቀ የችግኝ በሽታ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገስና የፈንገስ መሰል ሕዋሳት የለጋውን ችግኝ ግንድ አፈሩ ጋ ሲነካ ይበሉታል። ችግኙ ላዩ አረንጓዴ እንደሆነ ይተኛል። እነዚህ ሕዋሳት የሚወዱት ምን መሰለዎ? ርጥበት፣ የታፈነ አየርና ደመና። ሐምሌ ላይ ፌስታል ሸፍነው ቀን ሁለት ጊዜ ሲያጠጡ ሦስቱንም በአንድ ላይ ሰጥተዋቸዋል።

ቀይ አፈራችን መሬት ላይ ሲሆን ጥሩ አፈር ነው። ውሃ ያሳልፋል፤ ቡናውም የሚበቅለው እሱ ላይ ነው። ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ጠዋትና ማታ ውሃ ሲወርድበት ተጨፍልቆ ይጠብቃል፤ አየሩ ያልቃል። የቡና ገለፈቱ ደግሞ ባሰ። ጅማ ላይ ገለፈት በየቦታው በነፃ ስለሚገኝ ሰው ሁሉ ማዳበሪያ ያደርገዋል። በደንብ ከበሰበሰ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል፤ እሱን አልክድም። ጥሬውን ግን ለዘር አይሆንም። ውስጡ ያለው ካፌይንና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ቡቃያን ያቀጭጫሉ። ሲበሰብስ ይሞቃል፤ ናይትሮጅንም ከአፈሩ ይሻማል። ከጀበና የሚደፋው የቡና አተላም እንደዚያው ነው። ጽጌረዳው ሥር ይድፉት፣ ዘር ያለበት ዕቃ ላይ ግን አይድፉት።

የዘር አፈር ለም መሆን የለበትም። ዘሩ ስንቁን ይዞ ነው የመጣው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከውጭ ምግብ አይፈልግም። የሚፈልገው አየርና ልክ ያለው ርጥበት ነው። ስለዚህ ግማሽ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ የተነፋ የጫካ አፈር ወይም በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይቀላቅሉ። አሸዋው ከግንበኞች የሚገኘው ይሆናል፤ ብቻ ውሃው ጥርት እስኪል ይጠቡት። ድብልቁን ባልዲ ውስጥ አድርገው የፈላ ውሃ ያፍሱበት፣ ይክደኑት፣ ሲቀዘቅዝ ያጠንፍፉት። ሁሉንም ጀርም አይገድልም፤ ብዙውን ግን ይቀንሰዋል። ዕቃው የተቆረጠ ሃይላንድ ሊሆን ይችላል፣ የችግኝ ፕላስቲክም ይሆናል። ከሥሩ በደንብ ይበሳ። በዚህ ላይ አይሰስቱ፤ በሚስማር ሦስት አራት ቦታ።

ከዘሩ በኋላ ላዩ ላይ ስስ አሸዋ ይበትኑ። አሸዋ ቶሎ ስለሚደርቅ የችግኙ አንገት ርጥበት ውስጥ አይውልም። ውሃ ከላይ አያፍስሱ። ዕቃውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ያስቀምጡት፤ ከሥር ይጠጣል። ላዩ ሲረጥብ ያንሱት። መቼ ይደገም? ጣትዎን ይንከሩ። ጣት ላይ አፈር ከተጣበቀ ይቆይ። ፌስታሉን ዘሩ እስኪወጣ ብቻ ይጠቀሙበት፤ በየቀኑም ገለጥ እያደረጉ ያስተንፍሱት። የመጀመሪያው ቡቃያ ጭንቅላቱን ሲያወጣ ፌስታሉ ይነሳ።

ፓሲፍሎራ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የፓሽን ፍሩት ወገን ነው። ከአራቱ ሰው በጣም የሚማረርበት እሱ ነው። እርስዎ ዘንድ አብጦ፣ ጠንክሮ፣ ዝም ብሎ የተገኘው እሱ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

የፓሲፍሎራ ቁልፍ ውጪ ብቻ አይደለም፤ ውስጥም አለ። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ ግን ውሃ ቀስ እያለ ይገባል። ከዚያ በኋላ ፅንሱ ራሱ «ገና ነኝ» ይላል። እሱን የሚያባብለው ሙቀት ነው፤ ያውም የማይለዋወጥ ሙቀት ሳይሆን ቀን ወደ 30፣ ሌሊት ወደ 20 ዲግሪ የሚል ሙቀት። ሐምሌና ነሐሴ ጅማ ላይ ይህ የለም። ሰማዩ ይደፈናል፣ ቀኑ አይሞቅም፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ዘሩ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቅ ወይ ይበሰብሳል ወይ እንቅልፉን ያጠብቃል። ኅዳርና ታኅሣሥም አይሆንም፤ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ለፓሲፍሎራ ጊዜው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። በረንዳዎ ቆርቆሮ ከሆነ ቀን ቀን ሥሩ ይግላል፤ ዕቃውን ጥላ ግን ሙቅ የሆነ ቦታ ያድርጉት። ማታ ወደ ቤት ያስገቡት። ፍሪጅ አናት ላይ ሞቅ የሚል ከሆነ እዚያ ያሳድሩት። ሌላ ጥሩ ቦታ ልንገርዎ፦ የዲሽ ሪሲቨር አጠገብ። ሌሊቱን ሙሉ ለብ ይላል። ላዩ ላይ ግን አያስቀምጡት፣ ውሃ ከፈሰሰ የቴሌቪዥኑም የአበባውም ነገር ያበቃል። በዚህ ሰዓት የሚበቅል ችግኝ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጠነክር መሬት ለመግባት ይደርሳል። ክረምቱ ያን ጊዜ ነው የሚጠቅመው።

ደረቅ የፓሲፍሎራ ዘር ሲያገኙ ለብ ባለ ውሃ 24 ሰዓት ይንከሩት፤ ከዚያ ይዝሩት። ጥልቀቱ የዘሩን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን። አንዳንድ አብቃዮች ትንሽ የቦካ የብርቱካን ጁስ ውስጥ ይነክሩታል። ሐሳቡ የመጣው ከፍሬው ከራሱ ነው። የፓሲፍሎራ ዘር ፍሬው ውስጥ ሳለ በሚያሙለጨልጭ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ያ ሽፋን ፍሬው ውስጥ እንዳይበቅል ይከለክለዋል። ሲቦካ ሽፋኑ ይሟሟል። ለደረቀና ለታጠበ ዘር ግን ንጹህ ውሃ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

ደረቅ ዘር ፓኬት ውስጥ በቆየ ቁጥር እንቅልፉ ይከብዳል። ከአንድ ወር እስከ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ አንዱ በአምስተኛ ሳምንት፣ ወንድሙ በአራተኛ ወር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን «አልበቀለም» ብለው አይድፉት። ላዩ ላይ የዘሩበትን ቀን ይጻፉና ጥግ ያስይዙት።

ትዕግሥት ከሌለዎ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ፓሽን ፍሩት የሚሸጥ ወይም የሚጨምቅ ጁስ ቤት ይሂዱና ሁለት የበሰሉ ፍሬዎች ይግዙ። ቅርፊታቸው የተጨማደደው ይሻላል። ውስጡን ብርጭቆ ውስጥ ይቅዱና ትንሽ ውሃ ጨምረው ሁለት ሦስት ቀን ይተዉት። ማታ ማታ ያማስሉት። አረፋ ሲያወጣና ሽታው ወደ ጠላ ሲሄድ ማጥለያ ላይ አድርገው በጣትዎ እያሹ ይጠቡት። የተንሳፈፈውን ይጣሉ፤ የሰጠመውን ሳይደርቅ ያን ዕለት ይዝሩት። ትኩስ ዘር ብዙ አያስለምንም። ሙቀት ካገኘ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ሐምራዊው ዓይነት ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ጅማ ይስማማዋል። የሚበላ ፍሬ ስለሚሰጥ «ይሄማ የእርሻ ነው» ብለው አይናቁት። ነጭና ሐምራዊ ጨረር የዘረጋ አበባው ከጌጠኞቹ ወንድሞቹ አያንስም። እኔን ከጠየቁኝ፣ አጥር ላይ ላውጣ ለሚል ሰው መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው።

ወደ ክሌማቲስ እንለፍ። ይህ ዘር የሚጠብቀው ብርድ ነው። የአውሮፓና የእስያ ደጋ ክሌማቲሶች ዘራቸው የሚረግፈው ብርዱ ሲመጣ ነው። ያኔ ቢበቅሉ በረዶ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ርጥብ ብርድ ወራት ካላለፈባቸው አይነቁም። ጅማ ደግሞ የቱንም ያህል ቢበርዳት ለክሌማቲስ ብርድ አይባልም።

ስለዚህ ክረምቱን ፍሪጅ ውስጥ እንሠራለታለን። የታጠበ አሸዋ ያርጥቡ፤ በእጅዎ ሲጨብጡት ይያያዝ፣ ውሃ ግን አይንጠብ። የቀረውን ዘር ከአሸዋው ጋር ቀላቅለው ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡት። ላዩ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጻፉ። ጎመን ከሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት፤ 4 ወይም 5 ዲግሪ ይበቃዋል። ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆይ። መብራት ጠፋ ብለው አይጨነቁ፣ ለጥቂት ሰዓት ቢሞቅ ምንም አይሆንም። በየሳምንቱ ከፈት አድርገው ይዩት። ሻጋታ ካዩ ዘሩን አጥበው አሸዋውን ይለውጡ። ነጭ ሥር ብቅ ያለበት ካለ እሱን ለይተው ወዲያው ይትከሉ። ጥቅምት ላይ ካስገቡት ጥር ላይ ያወጡታል፤ ልክ ቀኑ መሞቅ ሲጀምር።

ይህን ሁሉ ነግሬዎት ልቤ ግን አይደግፈውም። ምክንያቴን ልንገርዎ። ፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ እጅ የሚያህል አበባ ከሆነ፣ እሱ የተዳቀለ ዓይነት ነው። የተዳቀለ ክሌማቲስ ከዘር ሲወጣ እናቱን አይመስልም፤ ለመብቀልም ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ከበቀለ በኋላም በየዓመቱ ቀዝቃዛ ዕረፍት የለመደ ተክል ነው። ጅማ ላይ ያን ዕረፍት አያገኝም፤ ቅጠሉ ቢያምርም አበባው ላይ ሊሰስት ይችላል። ፍሪጅዎ ውስጥ ቦታ ካለ ይሞክሩት። ተስፋዎን ግን እሱ ላይ አይጣሉ።

ደግሞስ የክሌማቲስ ዘመድ እኮ ደጃችን ላይ አለ። የአዞ ሀረግን ያውቁታል? በየጫካው ዳር፣ በየአጥሩ ላይ የሚወጣው ነው። ብዙ ነጣ ያለ አበባ ያወጣል፤ ከአበባው በኋላ ዘሩ ላይ እንደ ላባ ያለ ነጭ ጭራ ይቀራል። ሳይንሳዊ ስሙ ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮች ነው። የኛን አየር ለምዶ ያደገ ስለሆነ ፍሪጅ አይጠይቅም። ብቻ ሲቆርጡት ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል። ሽታ ለሚወድ ደግሞ ጠምበለል አለ፤ የሀበሻው ጃስሚን። እሱን ከዘር ከማስቸገር ከግንዱ ቆርጦ መትከል ይቀላል። ሰው ለምን እነዚህን ትቶ የማይለምድ ነገር ከባሕር ማዶ እንደሚያስመጣ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የልጅዎን ስጦታ ለማቃለል አይደለም።

ዊስቴሪያን በአጭሩ። እሱም የአተር ዘመድ ነው። ዘሩ ትልቅና ጠፍጣፋ ነው። ከውሃ ያላበጠውን ብቻ እንደ ክሊቶሪያው ይፋቁት፤ አንድ ሌሊት ይንከሩት፤ የካቲት ላይ ይዝሩት። መብቀሉ ችግር የለውም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከዘር የወጣ ዊስቴሪያ ለማበብ 10 እና 15 ዓመት የሚፈጅበት ጊዜ ብዙ ነው። በዓለም ላይ በፎቶ የሚያዩአቸው እነዚያ የተንዠረገጉ ሐምራዊ ዊስቴሪያዎች አብዛኞቹ ካበበ ተክል ቅርንጫፍ ተወስዶ በሌላ ግንድ ላይ በመከተብ ወይም በቁርጥራጭ የተራቡ ናቸው። እሱም ቀዝቃዛ ዕረፍት ለምዷል። ለልጅ ልጅ ትተክዪዋለሽ ቢባሉ ደስ የሚልዎ ከሆነ ይትከሉት፤ ብረት የሆነ ማማ ያዘጋጁለት፣ ግንዱ እንጨት ይሰብራል።

ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ልብ ይበሉ። የዊስቴሪያ ዘርና ልባሱ መርዝ አለው። ዘሩ ባቄላ ስለሚመስል ሕፃን አፉ ውስጥ ይከተዋል። የአይፖሚያም ዘር አይበላም። ፓኬቶቹን ቅመም ካለበት መደርደሪያ ያርቁ። ይህን የምለው ብዙ ሰው ዘር የሚያስቀምጠው ማድቤት ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ለዘሩም ማድቤት አይስማማውም።

የተረፈውን ግማሽ ፓኬት እንዴት ላቆይ ካሉ፣ የዘር ጠላት ሙቀትና ርጥበት ነው። በዘር ሙያ ውስጥ የታወቀ ግምት አለ፦ የዘሩ ርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል፤ የሚቀመጥበት ቦታ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝም እንደዚያው። ጅማ ላይ የክረምቱ አየር ራሱ ውሃ ነው። የወረቀት ፓኬት ከፍተው መሳቢያ ውስጥ የተዉት ዘር ያን አየር ይጠጣዋል። ጥብቅ ክዳን ያለው ትንሽ ጠርሙስ ይፈልጉ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን ርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብረው ያስገቡ። ከዚያ ፍሪጅ። ክሊቶሪያና ዊስቴሪያ እንዲህ ሆነው ለዓመታት ይቆያሉ። ፓሲፍሎራ ግን እስከ መጪው ጥር እንጂ ከዚያ በላይ ባያስቀምጡት ይሻላል።

አንድ ነገር ለልጅዎ ይንገሩልኝ። ዘር ከውጭ ሲገባ የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ አገሪቱ የኳራንታይን ደንብ ካወጣች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ሻንጣ ውስጥ ያለች ትንሽ ፓኬት ምን ታመጣለች ይባላል። እኛ የጅማ ሰዎች ግን ይህን ማለት አይገባንም። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበር። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከዚያ ወዲህ በሽታውን የሚቋቋም ቡና ሲመርጥ ኖሯል። ተክሉ ራሱም አረም ሊሆን ይችላል። የጎማ ሀረግ የሚባለው የማዳጋስካር ተክል ለአበባው ተብሎ አውስትራሊያ ገብቶ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ሰፊ የግጦሽ መሬትና የወንዝ ዳር ሸፍኗል። ግቢዎ ከጫካ ቡና ጋር ባይዋሰንም ወፍ ይዋሰናል። አዲስ ሀረግ ሲያብብ ዘሩ ሳይረግፍ ፍሬውን መልቀም ይልመዱ።

እንግዲህ ዛሬ ማንኪያዎን ይያዙና ይጀምሩ። የበሰበሰውን ይጣሉ። ጠጠር የሆነውን ክሊቶሪያና ዊስቴሪያ አድርቀው ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ጉጉት ካላስቻለዎ ሁለት ሦስት ክሊቶሪያ አሁኑኑ ፍቀው ቤት ውስጥ ይሞክሩ። ክሌማቲሱ ዛሬ ማታ ፍሪጅ ይግባ። አብጦ የተገኘውን ፓሲፍሎራ አዲሱ አሸዋማ አፈር ላይ መልሰው ሙቅ ጥግ ያስይዙት። የሌሎቹን የሦስቱን የተረፈ ግማሽ ፓኬት ጠርሙስ ውስጥ ከተው እስከ ጥር አይንኩት።